የሶሮቺ ብሪድ የላም ተራ

ቴክሊያን ተቀምጣ አይቻታለሁ የሚል ሰው በእኛ መንደር የለም። እንግድነት ተጠርታ እንኳ ወንበሩ ጫፍ ላይ ትንሽ ትንጠለጠልና የቀይ ሥሩ ሾርባ ሳይቀርብ ብድግ ብላ የሰው ማጀት ትገባለች፤ ማንም ያላዘዛትን ሳህን ታጥባለች፣ ያልጠፋ ማንኪያ ትፈልጋለች። ባሏ ፕሮኮፕ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ "እግዜር ይቺን ሴትዮ ሲፈጥር ቸኩሎ ነበር፤ ወንበር ለምን እንደሚሆን ሳይነግራት ላካት" ይል ነበር። ሰባን ካለፈች በኋላም አመሏ አልለቀቃትም።

በዚያ ቅጠል መርገፊያ ግን ነገሩ ባሰባት። ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ባልዲውን ጉድጓዱ አፍ ላይ ትታው ትመለሳለች። ዶሮዎቹን አብልታ እንደገና ታበላለች። የታጠበ መጋረጃ አውርዳ ታጥባለች። ድመቷ እንኳ ከእግሯ ሥር መሸሽ ጀመረች፤ ምድጃው አናት ላይ ወጥታ ሁሉን ከላይ ታይ ነበር።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ልጇ ራይሳ ክሬመንቹክ ከተማ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። "እማዬ፣ በረዶው ሳይመጣ ነይ" ባለቻት ቁጥር ቴክሊያ "ድንቹ አልተቆፈረም"፣ "ጎመኑ አልተከተፈም"፣ "አሳማው አልታረደም" እያለች ዓመት ከዓመት ገፋቻት። ዘንድሮ ሰበብ አለቀባት። ጣራው ያፈሳል፣ ጉልበቷ ይከዳታል፣ ባለፈው ጥር ደግሞ በረዶው በሩን ቆልፎባት በመስኮት ነው የወጣችው። በስልክ "እሺ፣ እመጣለሁ" አለች። ራይሳም እሑድ በባሏ መኪና መጥታ ልትወስዳት ተቃጠሩ።

የቀራት ሁለት ነገር ነው፤ ላሟን ላስካን መሸጥና ለሆርዲ መንገር። ላሟ ሆዷን ታባባዋለች እንጂ ለመሸጥ ችግር የለውም፤ ነጋዴው ሰሞኑን በየመንደሩ እየዞረ ነው። ለሆርዲ መንገሩ ነው ጭንቁ። ነገሩ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ይመለስባታል።

ሆርዲ ጎረቤቷ ብቻ አይደለም፤ ራይሳን ክርስትና ያነሳት እሱ ነውና አበልጇም ነው። ግን የጨነቃት በዝምድናው አይደለም። የጨነቃት በተራው ነው።

በመንደራችን በሶሮቺ ብሪድ ላም ያለው ሰው ተራ አለበት። አያቶቻችን ከወንዙ መሻገሪያ አጠገብ ጎጆ ከቀለሱበት ጊዜ ጀምሮ እረኛ ቀጥረን አናውቅም። ለመኳንንቱ ከብት እረኛ ነበረ፣ ለኅብረት እርሻውም ከብት እረኛ ነበረ፤ የራሳችንን ላሞች ግን ሁልጊዜ በየተራ ነው የጠበቅናቸው። አንድ ላም ያለው ቤት አንድ ቀን፣ ሁለት ያለው ሁለት ቀን። ዱላ አለ፤ የተራው ዱላ። በሁለቱም ጫፉ ማንጠልጠያ ጠፍር አለው፣ ራሱ ላይ ሽቦ ተጠምጥሞበታል። የዕለቱ እረኛ ማታ ላሞቹን መልሶ ሲያበቃ ዱላውን የሚቀጥለው ቤት በር ላይ ይሰቅለዋል። ሽቦው ወደ ላይ ከሆነ "ነገ ያንተ ነው" ማለት ነው። ሽቦው ወደ ታች ከሆነ ግን የሰቀለው ቤት ከተራ ወጥቷል ማለት ነው፤ ላሙ ሞቷል፣ ወይ ተሸጧል፣ ወይ ታርዷል። ያኔ ማንም ምንም አይጠይቅም።

ያለመጠየቁ ነገር የመጣው በረሃቡ ዘመን ነው። ያን ክረምት ዱላው በየበሩ ተገልብጦ ተገልብጦ በመጨረሻ የሚሰቀልበት በር ጠፋ። ምን ብሎ ይጠየቃል? ከዚያ ወዲህ ሕግ ሆነ። ከጦርነቱ በኋላ ሴቶቹ ላም ጠምደው እያረሱ መንደሩን እንደገና አቆሙት፤ ዱላውም ከቆጥ ወረደ። ቀጥሎ ደህና ዘመን መጣ። የላሙ መንጋ ሲወርድ አቧራው አኻያዎቹን ይሸፍናቸው ነበር፤ ተራ በዓመት ሁለቴ ብቻ ይደርስ ነበርና ሴቱ ለዚያ ቀን እንደ በዓል ዳቦ ይጋግር ነበር። "ላምህ ቀይ ሥሬን በላችብኝ" ብሎ የማይጣላ ጎረቤት አልነበረም። እንዴት ያለ ጭቅጭቅ ነበር! አሁን እሱም ይናፍቃል።

የኅብረት እርሻው ሲፈርስ ልጆቹ ሄዱ። ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፣ አውቶቡሱ ሲያሻው የሚመጣ ሆነ። ተራውም መፍጠን ጀመረ። በዓመት ሁለቴ የነበረው በወር መጣ፣ በሳምንት መጣ፤ ዱላው በዚህ በር ሲገለበጥ፣ በዚያ በር ሲገለበጥ፣ ቴክሊያና ሆርዲ ብቻ ቀሩ። አንድ ቀን እሷ፣ አንድ ቀን እሱ። ዱላው በሁለቱ በሮች መካከል እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ይመላለሳል።

"ሁለት ላም ብቻ ከቀረ በየደጁ ማሰር ነው እንጂ ምን ተራ ያስፈልጋል?" የሚል ሰው ሆርዲን አያውቅም ማለት ነው። ሚስቱ ኡስቲና የሞተች ጊዜ ሆርዲ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ሰው ቢመጣ አይዞርም፣ ምግብ ቢቀርብለት አይቀምስም። ከዚያ አልጋ ያስነሳችው ቴክሊያ ናት። ልመና አላበዛችም፤ ዱላውን በሩ ላይ ሰቅላ ጎህ ሲቀድ ደጁ ቆማ ጮኸች። "አንተ ሰነፍ! ተራህ ነው! የኔ ላም ባንተ ስንፍና ጦሟን ልትውል ነው?" በመጀመሪያው ቀን እየረገማት ወጣ። በሦስተኛው ተራው ተላጭቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሆርዲን ከአልጋ የሚያነሳው ያ ዱላ ነው። ተራው ካበቃ ወደ ግድግዳው እንደሚመለስ ቴክሊያ ታውቃለች፤ ስለዚህ ነው እግሯ አላርፍ ያላት።

በዚያው ሳምንት ላስካ ዱላውን ረግጣ ሰበረችው። ቴክሊያ ከወንዙ ዳር አንድ ቀጥ ያለ የአኻያ እንጨት ቆርጣ ላጠች፣ በሁለቱ ጫፍ ጠፍር አሰረች። ሽቦ መጠምጠሙ ጊዜ ይፈጃል ብላ አጥሩን ከቀባችበት የተረፈውን ሰማያዊ ቀለም ራሱ ላይ ለቀለቀችው። ይህን ሰበብ አድርጋ ሁሉንም ልትነግረው ወደ ሆርዲ ቤት ሄደች።

ሆርዲ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ድንች ይለቅማል። ግቢው ውስጥ ገብታ አጠገቡ እስክትቆም ቀና አላለም። ሰሞኑን እንዲህ ሆኗል፤ መንገድ ላይ ሲያልፍ ሰላም አይላትም፣ ደህና አደርክ ካላለችው ዝም ነው። ቴክሊያ በልቧ ቂም ይዛለች።

"አፍህን የተሰፋህ ትመስላለህ" አለችው።

"አንቺ ነሽ እንዴ? ቁጭ በይ። ረስቼው፤ አንቺ እንኳ አትቀመጪም።"

"ዱላው ተሰበረ። ይኸው አዲስ።"

ተቀብሎ እጁ ውስጥ አገላበጠው። "ጥሩ እንጨት ነው። ቀላል ነው።"

"ራሱን በቀለም አድርጌዋለሁ። እንዴት ነው፣ አላማረም?"

"ያምራል፣ ያምራል" አለ ሆርዲ ወደ ድንቹ ዞሮ። "አንቺ ካልቀባሽ መች ደስ ይልሻል? አንድ ቀን ላሚቱንም ትቀቢያታለሽ።"

"አበልጄ" አለች ቴክሊያ። "አንድ ነገር ልነግርህ ነበር።"

"እኔም ልነግርሽ ነበር። ላሜ ሩጃ ከጥምቀት በኋላ ትወልዳለች። ጥጃውን ስናወጣ አንቺ ነሽ የምትይዢው። የኔ እጅ እንደ ድሮው አይደለም።" አንድ ድንች ወደ ጎን ጣለና "አንቺ የምትነግሪኝ ምን ነበር?" አላት።

"ምንም። ድንችህ የበሰበሰ አለበት፣ ደህና አድርገህ ልቀመው ልልህ ነው።"

ዱላውን መልሳ ይዛ ከግቢው ስትወጣ ራሷን ሰደበች። "አንቺ ፈሪ! ሬሳ!" እያለች እቤቷ ደረሰች፣ ደርሳም ደህና የነበረውን መጥረጊያ ፈትታ እንደገና አሰረችው። ለክፋቱ ደግሞ በማግስቱ፣ በራሷ ተራ ላሞቹን መልሳ ከገባች በኋላ፣ የከብት ነጋዴው መኪና ሆርዲ በር ላይ ቆሞ አየች። ቆሞ ቆየ። ቴክሊያ ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ ተመላለሰች። መኪናው ባዶውን ሄደ፤ እሷ ግን ነገሩ ከሆዷ አልወጣም።

በሚቀጥለው ቀን የሆርዲ ተራ ደረሰ፤ አዲሱን ዱላ ይዞ የወጣበት የመጀመሪያ ቀን። ማታ ላስካ ራሷ ግቢ ገባች። ቴክሊያ አለበቻት፣ ወተቱን አጠለለች፣ ከዚያ በሩን ልትዘጋ ወጣች። ዱላው ተሰቅሏል። ሰማያዊው ወደ ታች ነው።

ቆመች። ምናልባት በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብላ ቆመች። ከዚያ ደሟ ፈላ። "ለካ እሱም!" አለች ጮክ ብላ። "ለካ ሰላምታ የከለከለኝ ለዚህ ነው! ከነጋዴው ጋር ተስማምቶ ኖሯል! እኔ እሱን ብዬ እንቅልፍ አጥቼ፣ እኔ እሱን ብዬ ልጄን አስቀይሜ!" ወደ ሆርዲ በር ሄደች፤ መንገዱ አጋማሽ ላይ ተመለሰች። እንደገና ሄዳ እንደገና ተመለሰች። ዱላ የገለበጠ ሰው አይጠየቅም። እናቷ አልጠየቀችም፣ አያቷ አልጠየቀችም። እሷስ ምን ብላ ነው የምትጠይቀው? ከቁጣው ሥር ደግሞ ሌላ ነገር ነበረ፣ እሱን ማየት አልፈለገችም፤ ቀለል ብሏታል። እንግዲህ መንገር አይጠበቅባትም። በዚህ ማፈሯ ይብስ አቻኮላት።

ነጋዴው ጋ ደወለች። ከጎን መንደር ነበርና ጨርሶ ሳይመሽ ደረሰ።

"እማማ፣ ቶሎ ይበሉ፣ መንገዱ ሳይጨልም" አለ።

"ከቸኮልክ በባዶ ሂድ" አለችው። እኛ ጋ የላም ገመድ በባዶ እጅ አይሰጥም። ቴክሊያ የቀሚሷን ጫፍ በእጇ ላይ ጠቅልላ በዚያ ገመዱን ያዘች፤ "አንተም በኮትህ ጫፍ ያዝ" አለችው። ሰውየው እየሳቀ ያዘ። ላስካ መኪናው ላይ ስትወጣ አንዴ ዞር ብላ አየቻት፣ ከዚያ የተወረወረላትን ድርቆሽ መብላት ጀመረች። ቴክሊያ ገመዱን ፈትታ አስቀረች፤ ገመድ ከቤት አይወጣም። መኪናው አቧራ አስነስቶ ሄደ። እሷም በረቱን መጥረግ ጀመረች፤ ላም የሌለበትን በረት እስኪነጣ ጠረገችው።

ጎህ ሲቀድ ደጇ ላይ ጩኸት ሰማች።

"ቴክሊያ! ሞትሽ እንዴ? ፀሐይ እንትፍ ብላብሻለች፣ አንቺ አሁንም ተኝተሻል?"

ሆርዲ ነው። አጠገቡ ሩጃ ቆማለች። ቴክሊያ ልብሷን እንኳ አላወለቀችም ነበርና እንዳለች ወጣች። የሆነው ነገር ገና አልገባትም። ሊሰናበታት የመጣ መሰላት።

"ምን ፈልገህ ነው?"

"ምን ፈልገህ ትለኛለች! ዱላውን ትናንት ሰቅዬልሽ የለ? ተራሽ ነው። ላስካስ?"

ቴክሊያ ቀረብ አለች። ፊቱን አየችው። ሆርዲ የሚናገረው ከእሷ ጎን ላለው የበር ምሰሶ ነበር። አንድ እርምጃ ወደ ጎን በቀስታ ሄደች፤ ዓይኑ አልተከተላትም። ሰላምታ አለመስጠቱ፣ ድንቹን በዳሰሳ መልቀሙ፣ "ያምራል፣ ያምራል" ማለቱ ሁሉ በአንዴ መጣባት። የድሮውን ዱላ ሽቦውን በጣቱ ያውቀዋል። ቀለም ግን ጣት አያውቀውም።

"ላስካስ?" አላት ደግሞ።

"ቀድማ ወጥታለች" አለች ቴክሊያ። ድምጿ የሌላ ሰው ሆነባት። "ወደ ወንዙ ወርዳለች።"

"ያለ እረኛ? አንቺ ሴት፣ እብደት ጀመረሽ?"

"መንገዱን ታውቀው የለ! በል ሂድ፣ ቁርስህን ብላ።"

ሩጃን እየነዳች ወረደች። ያን ቀን መስኩ ላይ አንድ ላምና አንዲት አሮጊት ብቻ ነበሩ። ሩጃ ጓደኛዋን እየፈለገች ትጮሃለች፤ ቴክሊያ ከአኻያው ወደ ወንዙ፣ ከወንዙ ወደ አኻያው ትሄዳለች። ነጋዴው ጋ ደወለች፤ ስልኩ ዝግ ነው። ደግማ ደወለች፤ ዝግ ነው። "ብትጠይቂው ምን ነበረበት?" አለች ራሷን። "አንድ ቃል! ሆርዲ፣ ሄድክ ወይ ብትዪው ሰማይ ይወድቅብሽ ነበር?" አለቀሰች፣ እየሄደች ነው ያለቀሰችው። የተናደደችው በሆርዲ አልነበረም፣ በነጋዴውም አልነበረም። ለመሄድ ሰበብ ሲመጣላት አፈፍ አድርጋ በያዘችው በራሷ ነበር።

ማታ ሩጃን በሩ ድረስ አመጣችለት። ሆርዲ አጥሩን ተደግፎ ይጠብቃል። ላሚቱ ገባች። ቴክሊያ ዱላውን እንደያዘች ቆመች።

"አትሰቅዪውም እንዴ?"

"እኔ ጋ ይደር። ነገም እኔ ነኝ የምወጣው።"

ሆርዲ ከተደገፈው አጥር ቀና አለ። በእኛ መንደር የጎረቤትን ተራ ደርቦ መያዝ የሚደረገው ሐዘን ለገባበት ቤት ብቻ ነው።

"ማን ሞቶብኝ ነው?" አለ በመጨረሻ።

ቴክሊያ የዱላውን ጠፍር በጣቷ ጠመዘዘች።

"ጠዋት የአንድ ላም ኮቴ ሰማሁ። አሁንም የአንድ ላም ኮቴ ነው የሰማሁት። ላስካ የት አለች?"

"ሸጥኳት።" ከዚያ አፏ ተከፈተ፣ ሊዘጋላትም አልቻለም። "ትናንት ዱላውን ገልብጠህ ሰቀልከው። ሰማያዊው ወደ ታች ነበር። ከነጋዴው ጋር ተስማምተህ የወጣህ መሰለኝ፣ መኪናው በርህ ላይ ቆሞ አይቼ!"

"ነጋዴው ለሞተሩ ውሃ ነው የለመነኝ" አለ ሆርዲ። እጁን ዘረጋ። ዱላውን ሰጠችው። በአንዱ ጫፍ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፣ ገልብጦ በሌላኛው ጫፍ ዳሰሰ፣ እንደገና ወደ መጀመሪያው ተመለሰ። ሁለቱም ልስልስ ናቸው።

"የቱ ነው ሰማያዊው?" አላት።

ቴክሊያ እጁን ይዛ አስነካችው። ከዚያ እሷ ነደደች። "ዓይንህ እንዲህ ሲሆን ለምን አልነገርከኝም? እኔ ሰው አይደለሁም?"

"ነግሬሽ ከተራ ልታስወጪኝ? ላሞቹ እኮ መንገዱን ያውቁታል፤ እኔ የሩጃን ጭራ ይዤ ነው የምሄደው። አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ምኑን?"

"እሑድ እንደምትሄጂ። ራይሳ የክርስትና ልጄ አይደለችም እንዴ? ተቃጥራችሁ እንደጨረሳችሁ ነው የደወለችልኝ። መቼ ትነግረኛለች እያልኩ ስጠብቅሽ፣ አንቺ የበሰበሰ ድንች ትቆጥሪያለሽ።" ፊቱን አዞረ። "ሂጂ። እኔ አልይዝሽም። ከተማ ሙቀት አለው።"

ቴክሊያ ዱላውን ከእጁ ነጥቃ ሄደች። እቤቷ እንደደረሰች የተሰበረውን የድሮ ዱላ ከማገዶው ውስጥ ፈልጋ አወጣች። ዝገት የበላውን ሽቦ ፈታች፣ ጣቷን ወግቷት ተሳደበች፣ በአዲሱ ዱላ ራስ ላይ እያጠበቀች ጠመጠመችው። ሰማያዊው ቀለም ጨርሶ እስኪሸፈን ጠመጠመችው።

እሑድ ረፋድ ላይ ራይሳ ደረሰች። የእናቷ በር ላይ ሆርዲ በርጩማ አውጥቶ ተቀምጧል፤ የእናቷ የታሸገ ሻንጣ በረንዳው ላይ አለ፣ እሷ ግን የለችም።

"አባባ ሆርዲ፣ እንደምን አደሩ? እማዬስ?"

"ደህና መጣሽ፣ ልጄ። ከላም ጋር ናት።"

"ከየትኛው ላም ጋር? ላሟን ሸጥኩ ብላኝ የለም እንዴ?"

"ሸጣለች" አለ ሆርዲ። "ተራው ግን የሷ ነው።"